የጉልበት መርፌ

እኔን ሱሰኛ ያሉኝ ሰዎች ናቸው መርፌውን የወጉኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የሲስተር ታቢታን ነገር ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ።

ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ሸዋዬ በከተማዋ ዳር በነበረ የጆንያ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ሰሜን ጦር ግንባር ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። በ1975 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የነበረ የክር ጥቅል ሰንሰለቱ ተበጥሶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሰንሰለቱ መሳሳቱን ሁለት ጊዜ ተናግረን ነበር። «የምርት ዘመቻው ይለፍና ይቀየራል» ነበር መልሱ። ዘመቻው ሳያልፍ የእኔ እግር አለፈ። አዲስ አበባ ተወስጄ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ፤ ብረት ገባልኝ፤ አምስት ወር ተኝቼ በምርኩዝ ተመለስኩ።

አጥንቱ ገጥሟል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ጥቂት ከቆምኩ ከዳሌዬ ይነሣና ወገቤን ቀስፎ ይይዘኛል። የእኛ ሥራ ደግሞ ስምንት ሰዓት ቆሞ መዋል ነው። የፋብሪካው ክሊኒክ ኃላፊ ጌታቸው የሚባል ጤና ረዳት ነበር፤ ነጭ ጋውኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ምላሱ ማር የሆነ ሰው።

«አይዞሽ እህቴ፣ የጉልበት መርፌ አለልሽ» አለኝ።

ወጋኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ገላዬ ውስጥ የሞቀ ውኃ የፈሰሰ ያህል ነበር። ያን ቀን ከሁሉም በላይ ሠራሁ። መጀመሪያ ሲያመኝ ብቻ ነበር የምሄደው፤ ኋላ ጠዋት ጠዋት ሆነ፤ ከዚያ ፈረቃ ሲጋመስ አንድ ተጨመረ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ቫይታሚን ነገር ነው» አለኝ። ሐኪም አላየኝም፣ ማንም እግሬን ገልጦ አልተመለከተውም፤ መርፌ ብቻ። አሥረኛው የአብዮት በዓል እየቀረበ ስለነበር ጆንያ በላይ በላይ ይፈለግ ነበር። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተሸለምኩ። ሽልማቱን ስቀበል ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ጌታቸውም ከፊት ቆሞ አጨበጨበ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 1977፣ ከአዲስ አበባ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች መጡ። በመዝገቡ የተጻፈውና በሣጥኑ ያለው መድኃኒት አልተገናኘም አሉ። በማግስቱ ክሊኒኩ ስሄድ ጌታቸው ከበሩ ሳይነቃነቅ «አልቋል» አለኝ።

«መቼ ይመጣል?»

«አይመጣም። ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

አንዲት ቃል አልጨመረም። ቀስ ብለሽ ተዪው የለ፣ እንዲህ ያደርግሻል የለ።

በመጀመሪያው ቀን ሲያዛጋኝ ዋለ፤ ዓይኔና አፍንጫዬ እንደ ምንጭ ይፈሳል። በሁለተኛው ቀን ገላዬ እንደተነጨ ዶሮ ሆነ፣ ሆዴ ተለቀቀ፣ አጥንቴ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ እንደሚወቀጥ ነበር። መቀመጥም መተኛትም አልቻልኩም። ጎረቤቴ ከበቡሽ «ወባ ነው» ብላ በጋሪ ጫነችኝና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ ካርድ የሚጽፈውም ቀና ብሎ ሳያየኝ የወባ ክኒን አዘዘልኝ።

ሲስተር ታቢታ በኮሪደሩ እያለፉ ነበር። አጠር ያሉ፣ አርባን ያለፉ፣ ፈጥነው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ቆም አሉና አገጬን ይዘው ዓይኔን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ይህ ወባ አይደለም» አሉ። ከመጋረጃ ጀርባ አስገብተው ዳሌዬን ገለጡ። ከመወጋት ብዛት ቆዳዬ እንደ ጠፍር ደርቆ ነበር።

«ማነው የወጋሽ?»

«የፋብሪካው ክሊኒክ።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሁለት። የጉልበት መርፌ ነው። ቫይታሚን።»

ሲስተር ታቢታ ሲናደዱ አማርኛቸው ይጠፋና በሲዳምኛ ይቀጥላሉ። ያን ቀን ረጅም ነገር በሲዳምኛ ተናገሩ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ሸዋዬ። ይህ ቫይታሚን አይደለም፤ ፔቲዲን ነው። ኦፕራሲዮን ለሆነ ሰው ለጥቂት ቀን የሚሰጥ ብርቱ የሕመም መድኃኒት። ሰውነትሽ ለምዶታል። አልለመደም ብዬ አልዋሽሽም። ግን አንቺ አልለመድሽም፤ አስለመዱሽ። ከፎቅ የሚወረደው በደረጃ ነው፤ እነሱ በመስኮት ወረወሩሽ።»

ይህችን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ትውልዳቸው በቡሹሎ በኩል ነው፤ አባታቸው በቆሎና እንሰት ያርሱ ነበር። ከመንደራቸው ነርስ ሆና የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። የሚጸልዩበት ቤት በቀበሌ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኖባቸዋል፤ «ጴንጤ» እየተባሉ በየስብሰባው ይጎሸማሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን በዚያው ቀን የሆስፒታሉን ሐኪም ሄደው ተማጸኑ። ሐኪሙ ፈራ፤ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ ተቆጣጣሪዎቹም ከተማ ውስጥ ናቸው። በመጨረሻ ፈረመ። እያንዳንዷን መርፌ ሲስተር ታቢታ በገዛ እጃቸው ሊሰጡ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሊቀንሱ።

እንዲህ ጀመርን። አንድ ደብተር ገዙልኝ። በየቀኑ የተወጋሁትን መጠን እሳቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ደግሞ ከሦስት ነገር አንዱን እጽፋለሁ፦ ሕመሙ አሸነፈኝ፣ ታገለኝ፣ ቻልኩት። ሌላ ነገር እንድጽፍ አይፈልጉም ነበር። ጨው በጨርቅ አሙቄ ወገቤ ላይ እንዳደርግ፣ ጠዋት ወለል ላይ ተንጋልዬ እግሬን በቀስታ እንዳነሣ አስተማሩኝ። ለማሽኑ ከፍ ያለ በርጩማ እንዲሰጠኝ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ላይ አስተኙኝና ሜትር አወጡ። ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንዱን ለኩ፣ ሌላውን ለኩ፣ ደግመው ለኩ።

«ሦስት ሳንቲ ተኩል ታጥሪያለሽ» አሉኝ። «ዓመት ሙሉ አንድ ጎንሽ ወደ ጉድጓድ እየገባ ነው የቆምሽው። ታዲያ ወገብሽ እንዴት አያምሽ!»

ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልውጠው። ያ ፋብሪካ ጆንያ ይለካ ነበር። ሁለት ሳንቲ ያጠረ ጆንያ ሲገኝ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ የሠራችው ተጠርታ ትወቀስ ነበር። የእኔን እግር ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ሜትር መለካት አቃተው! መርፌ መውጋት ቀለላቸው። ገበያ ውስጥ ጫማ የሚሠራው ሙህዲን ከመኪና ጎማ ቆርጦ የቀኝ ጫማዬን ሶል ከፍ አደረገልኝ። ያን ጫማ አድርጌ ስነሣ ዓለም የተስተካከለች መሰለኝ። ሕመሙ አልጠፋም። ግን ስም አገኘ፣ መጠን አገኘ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ታቢታ ከሥራ ሲወጡ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ያስኬዱኝ ነበር። አንድ ዙር፣ ኋላ ሁለት፣ ኋላ አምስት። በአምስተኛው ሳምንት ግን አልቻልኩም። ዛፍ ተደግፌ «የትናንቱን ያህል ስጪኝ! ጨካኝ!» ብዬ በታላቄ ላይ ጮህኩ፤ አንቺ ማለቴም አልታወቀኝም። እሳቸው ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወደ ላይ አንመለስም» አሉ ረጋ ብለው። «ግን የሚያሯሩጠን የለም። በዚህ ሳምንት አንቀንስም፤ እዚሁ ደረጃ ላይ ቆመን እናርፋለን።»

አረፍን። በሚቀጥለው ሳምንት ቀነስን።

ጥሪው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሂስና ግለሂስ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞገስ በመላው ሠራተኛ ፊት እንድቆም አዘዘ። ጌታቸው ለካ ሪፖርት አቅርቧል፦ የጎደለውን መድኃኒት ሰርቃ የወሰደችው ሸዋዬ ናት፣ ሱሰኛ ናት። ኮከብ ያሉኝን አፎች ሌባ ሲሉኝ ሦስት ወር አልፈጀባቸውም።

አዳራሹ ሞልቷል። ሲስተር ታቢታ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው አብረውኝ መጡ።

«ጓድ ሸዋዬ፣ ጥፋትሽን ዘርዝሪ» አለ ሞገስ።

«መርፌውን ተወግቻለሁ። አልሰረቅሁም። እሱ ነው የወጋኝ።»

«ራስሽን ሂሺ እንጂ ሌላውን አትክሰሺ!»

ሲስተር ታቢታ ተነሡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ መናገር እፈልጋለሁ።»

«እርስዎ የፋብሪካው ሠራተኛ አይደሉም።»

«የፋብሪካው ሠራተኛ ግን የእኔ በሽተኛ ናት» አሉና ፈቃድ ሳይጠብቁ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። «ጌታቸው የጉልበት መርፌ ብሎ የወጋው ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ።»

ከዚያ ከኋላ ፀሐይ የምትባል ጆንያ ሰፊ እጇን አወጣች። ከሷ ቀጥሎ ሌላ። ከመጋዘን አንድ ሽማግሌ። እኔ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ እጅ። በስብሰባ አዳራሽ እጅ የሚወጣው ለመደገፍ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ዘጠኝ እጅ!

«ታዲያ እነዚህም ሌቦች ናቸው?» አሉ ሲስተር ታቢታ። «እጃቸው የተቀጠቀጠ፣ ወገባቸው የተቆረጠ ሰዎችን ሕመማቸውን አልጠየቃችሁም፤ አደንዝዛችሁ ማሽን ላይ አቆማችኋቸው። መድኃኒቱ ሲጎድልባችሁ ደግሞ በእነሱ ላይ ጻፋችሁት። ለበሬ እንኳ ከቀንበር ሲወርድ ጫንቃው ይታያል!» ከዚያ ሲዳምኛው መጣ። ከሠራተኛው ግማሹ ሲዳምኛ ይሰማል፤ የሰሙት ቀና አሉ። ሞገስ ጠረጴዛውን መታና ስብሰባው ተበተነ አለ።

ጌታቸው ምን ሆነ? ወደ ሌላ ድርጅት ተዛወረ፤ በዕድገት ነው አሉን። እኔ ከማሽን ተነሥቼ ጽዳት ሆንኩ። ከዘጠኙ ሰዎች ስድስቱ ጤና ጣቢያ መጥተው ከሲስተር ታቢታ ጋር ጀመሩ፤ ደብተር፣ የሞቀ ጨው፣ ጉዱማሌ። ሐኪሙ አንዴ ከፈረመ በኋላ ለእነሱም ፈረመላቸው። እኔ በአሥራ አራተኛው ሳምንት የመጨረሻዋን ተወጋሁ። የእሷ መጠን ከመርፌ ጫፍ አታልፍም ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ስትቀር አለቀስኩ።

የካቲት ላይ የሲስተር ታቢታ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። «ለሥራ አስፈላጊነት» ይላል። በየቢሮው ግን የተባለው ሌላ ነው፦ ምርት የሚያደናቅፍ ቅስቀሳ አድርጋለች፣ ያውም ጴንጤ ናት። የላኳቸው መኪና በክረምት ወደማይደርስበት ቆላ ነው። ስድስቱ ሰዎች መድኃኒቱን እየቀነሱ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ሲስተር ታቢታ የሁሉንም ደብተር ሰብስበው ለእኔ ሰጡኝ።

«መርፌውን ሐኪሙ ያስወጋል፤ ያንን አትንኪ። አንቺ አስኪጃቸው፣ አስጽፊያቸው፣ ሲሰድቡሽ ቁጭ በዪ።»

ያሉኝን አደረግሁ። አራቱ ጨረሱ። ሽማግሌው ሳይጨርሱ ሌላ በሽታ ገደላቸው። ፀሐይ ግን፣ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ፀሐይ፣ ሥራዋን ተነጠቀች፤ ከኋላ በር ከሚሸጥ ሰው መርፌውን መግዛት ጀመረች፤ አንድ ቀን ከቤቷ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ሻሸመኔ ታየች አሉ፤ ሄጄ ፈለግሁ፣ አጣኋት።

በ1978 ዓ.ም. በጋ ላይ ሲስተር ታቢታን ልጠይቅ ሄድኩ። ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ ላይ በሽተኛ ተሰልፏል። ሲያዩኝ ሰላምታም አላስቀደሙ።

«እስቲ እስከዚያ ግራር ድረስ ሂጂና ተመለሺ።»

ሄጄ ተመለስኩ።

«ወደ ቀኝ እያዘነበልሽ ነው። ጫማው አልቋል፤ አስቀይሪው።»

ሳይመሽ ቆጮና ጎመን አቀረቡ። እየበላን የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጠሩ ጠየቁኝ፤ እኔም እየመለስኩ ሄድኩ። «ፀሐይስ?» ሲሉ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። የሆነውን ነገርኳቸው።

አላለቀሱም። ሳህኑን ገፍተው ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«በመርፌ በልተው በሥራ ማጣት ጨረሷት» አሉ። «እሱ ሰውዬ ዛሬም ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ አይደል?»

«ይለብሳል።»

በሲዳምኛ መናገር ጀመሩ። አብዛኛው አልገባኝም፤ የፀሐይ ስም ግን ደጋግሞ ይሰማኝ ነበር። እኔም በአማርኛዬ ጀመርኩ። ሁለታችንም በየቋንቋችን፣ እየተቀባበልን፣ ሌላ በሽተኛ መጥቶ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ተናደድን።