እናቴ ውሃውን ያስረከበችበት ጠዋት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የገዛ እናቴ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አንቱ አለችኝ...

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የሰፈር የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎችን በሚከታተል ቢሮ ውስጥ ነው። የውሃ ኮሚቴ፣ የጽዳት ኮሚቴ፣ የችግኝ ኮሚቴ፣ የመንገድ ኮሚቴ... ከመብዛታቸው የተነሳ አንዱ ሰው አራቱ ውስጥ ተመዝግቦ ሦስቱ ላይ አይታይም። አለቃዬ አሥራ ሰባቱን ወደ አምስት አዋህደሽ፣ መመሪያም አውጥተሽ አምጪ አለኝ።

ሁለት ወር ለፋሁበት። ለአባልነት መስፈርት ሳወጣ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ» የሚል ጨመርኩ። ቃለ ጉባኤ በአግባቡ የሚጽፍ ሰው እንዲገኝ ብዬ ነው እንጂ ክፋት አስቤ አልነበረም።

እማዬ የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ኮሚቴ አባል ናት። የጀመረችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ማንበብም መጻፍም አትችልም... መስፈርቱ እሷን እንደሚያስወጣት የገባኝ ወረቀቱ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ነው።

ልነግራት ሦስት ቀን ሞከርኩ። ሐሙስ ዕለት ቁርስ አብረን እየበላን እንኳ ቃል አልወጣኝም። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ መመሪያው ለኮሚቴዎቹ ወደሚቀርብበት ስብሰባ ቀድማኝ ሄደች።

አዳራሹ በብርድ ቆፈን ተይዟል፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። መመሪያውን አነበብኩ። የትምህርቱ ጉዳይ ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ፣ ጉምጉምታ ተነሳ። አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ችግኝ ሲተክሉ አንድም ችግኝ ሰርተፊኬት ጠይቋቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ እማዬ እጇን አወጣች።

«አንቱ ባነበቡት ላይ አስተያየት አለኝ» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ልጇ መሆኔን ያውቃል። እኔማ የምገባበት ጠፋኝ።

መጀመሪያ ውህደቱን ደገፈች። ስብሰባ እንጂ ሥራ እንደጠፋ፣ የመንገዱ ኮሚቴ የውሃውን ሳይጠይቅ ሲቆፍር ቧንቧ እየተበሳ ስንት ቀን እንደተጠማን አስታወሰች። ቀጥላ፣ መስፈርቱን ስለማታሟላ እንደምትወጣ፣ ከመውጣቷ በፊት ግን የምታስረክበው ነገር እንዳለ ተናገረች። የሚጽፍ ሰው ይጻፍ አለች።

«ከገበያው በላይ ያለው የውሃ መዝጊያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዳገቱ ላይ ላሉት ውሃ የሚደርሰው የታችኛው ቦኖ ሲዘጋ ብቻ ነው። እዚያ ከአልጋ የማትነሳ ሴት አለች፤ ጀሪካኗን ተራ ገብተን እናደርስላታለን። የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።»

ቀጠለች... የትኛው ቧንቧ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ፣ የቦኖዎቹ ቁልፍ እነማን ቤት እንዳለ፣ ክረምት ሲገባ የቱ መስመር ቀድሞ እንደሚደፈርስ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሊደርስባት አልቻለም፤ ሁለት ጊዜ ቆም እንድትል ለመናት። አጠገቤ የተቀመጠው የውሃ ባለሙያ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እንደ ተማሪ ይጽፍ ጀመር። ጎንበስ ብዬ ስጠይቀው የነገረችንን ግማሹን እሱም እንደማያውቀው አልደበቀኝም።

እፍረቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ... ይቺ እናቴ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ መናገር አማረኝ።

ስትጨርስ ማይኩን ተቀበልኳት። «መስፈርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይውጣ» አልኩ። ከፊት የተቀመጠው አለቃዬ በምትኩ ምን እንደሚገባ ጠየቀኝ። የሰፈሩን ሥራ የሚያውቅና ሲጠራ የሚገኝ ሰው ሁሉ አባል ይሁን፣ መጻፍ የሚችል ደግሞ በየኮሚቴው አንድ ይበቃል አልኩ። እጅ ወጣ፣ አለፈ።

ወዲያው ሰው እማዬን ለአዲሱ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ጠቆመ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግን እጇን አወዛወዘች።

«አይሆንም» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ብቻ ይዤው መኖሬ ጥፋት ነው። ብሞት ማንን ልትጠይቁ ነበር? ከሁለት የምርጫ ዙር በላይ ማንም አይቀመጥ ብላችሁ ጻፉ፤ ከእኔም ጀምሩ።»

ይህም አለፈ። በእሷ ቦታ የጎረቤታችን ልጅ፣ የነርስነት ትምህርት ጨርሳ የተመለሰችው፣ ተመረጠች። እማዬ ከአዳራሹ ሳትወጣ የልጅቷን እጅ ይዛ መዝጊያዎቹን እየዞርኩ አሳይሻለሁ ብላ ቀጠረቻት።

ውጭ ስንወጣ ይቅርታ ጠየቅኳት። መስፈርቱ አላስቀየማትም፤ ያስቀየማት ቁርስ ላይ ዝም ማለቴ ነው። «ክፉ ወሬ ከሆነ እንኳ ካንቺ አፍ ብሰማው ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ክንዷን ይዤ እስከ ቤት ሸኘኋት።

መመሪያው ሰኞ ተፈርሞ ወጣ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሁለት ዙሩን አንቀጽ ጎበዝ፣ በደንብ አስበሽበታል እያለ ሲያመሰግነኝ፣ እኔ «የእማዬ ነው» እያልኩ ከተማውን እዞራለሁ።