ደረቅ ክርና እርጥብ ክር

ልጅ እያለሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የዓለምን ርቀት ሁሉ ለክተው የጨረሱት አባቴ ይመስሉኝ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ካርታ ቤት ያመጡና አልጋ ላይ ይዘረጉታል። ካርታው ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ከእናቴ መስፊያ ሣጥን ቀይ ክር ይመዙና "ነይ፣ ጫፉን ያዥልኝ" ይሉኛል።

አለካካቸው የራሳቸው ነበር። ለአውሮፕላን ክሩን ደረቁን ወጥረው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያደርሱታል። ለመኪና ግን በምራቃቸው ያርሱታል፤ የራሰ ክር ወረቀቱ ላይ ይለጠፍና በየጠመዝማዛው ይታጠፋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊ፣ በቡሬ አድርጎ ቤታችን ሲደርስ ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። "ኤጭ! ምራቅ ነካኝ" ስል ይስቁብኛል።

አንድ ቀን "አዲስ አበባ ስኖር፣ ካመመዎት በአውሮፕላን እመጣለሁ" አልኋቸው። ወዲያው ፈተና አደረጉት።

"በአየር ስንት?"

"አንድ ሰዓት!"

"ከባሕር ዳር እዚህስ?"

"በመኪና ሦስት ሰዓት!"

"በይ እንግዲህ፣ አራት ሰዓት ሳልሞት እጠብቅሻለሁ" አሉና ሳቁ። እናቴ "ምን ያለ ሟርት ነው!" ብላ ክሩን ነጠቀችን።

አምና አዲስ አበባ ሳለሁ ወንድሜ ጧት ደወለልኝ። አባባ ደክመዋል፣ የሚጠሩት ያንቺን ስም ብቻ ነው አለኝ። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ እንደሰነበተ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንግዲህ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስይዤ "አባባ፣ ልሳፈር ነው፤ አራት ሰዓት" ያልኋቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አውሮፕላኑስ ሰዓቱም ሳይሞላ ባሕር ዳር አወረደኝ። ሚኒባሱ ግን መራዊ ላይ ቆመ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልክም የለም። አንዲት ደግ ሴት ቤታቸው አስጠጉኝ። "ዛሬ ይከፈታል" ሲባል ሻንጣዬን እያነሳሁ፣ "ቀረ" ሲባል እየመለስሁ ሦስት ቀን አደርሁ።

በአራተኛው ቀን ተከፈተና ደረስሁ። የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

ወንድሜ ኋላ ነው የነገረኝ። አባቴ ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት አላነሱም። ውኃ ይቅመሱ ሲሏቸው "ልጄ ስትመጣ" ይላሉ። አራቱ ሰዓት አለፈ፤ አምስተኛውም አለፈ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ወንድሜ ጨነቀውና "ቡሬ ደርሳለች" አላቸው።

"ከቡሬማ ምን አላት፤ ግማሽ ሰዓት ናት። በሩን ክፈቱላት" አሉ። ተከፈተላቸው። ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ፣ በሩን እያዩ አረፉ።

ዛሬ ልጄ ስልኳን ነካ አድርጋ የሁለት አየር ማረፊያ ርቀት ከነደቂቃው ታወጣለች። ጎበዝ ናት፣ አይዟት፤ እኔ ግን ያ ቀይ ክር ትዝ ይለኛል። ያኔ አልጋው ላይ ተደፍተን ስንለካ መንገድ ይታጠፋል እንጂ ይበጠሳል ብለን አስበን አናውቅም።

ወንድሜ እስከ ዛሬ "በመጨረሻዋ ሰዓት ዋሸኋቸው" እያለ ያለቅሳል። እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። ቀድሜ የዋሸኋቸውማ እኔ ነኝ።