ባለ አንገትና ባለ ቀንበር

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠራ በኋላ ማለት ነው። ሰሞኑን የልጅ ልጄ የማሲንቆ፣ የክራርና የበገና ሥዕል ይዛ መጥታ «እማማ፣ በአሠራራቸው ለይታችሁ መድቡ ተብለናል» ብትለኝ፣ እርሳሱን ተቀብዬ ፈዝዤ ቀረሁ። ይህን ትምህርት የተማርሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴን ያሳሰርሁትም በዚሁ ነው።

እናቴ ስለሞተች ያሳደገኝ ወንድሟ አያ ደስታ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር መሣሪያ ሠሪ ነው። እኔ ለአውታር የሚሆን የበግ አንጀት አጥቤ እዘረጋለሁ፣ የፈረስ ጭራ አበጥራለሁ። ሽታው ከእጄ አይለቅም፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ አብሮኝ ይቀርብ ነበር። የማሲንቆ ቆዳ የሰፋሁት ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ለአዝማሪ ፈንቴ። «ይኸ ስፌት ጠላ ጠጥቷል እንዴ?» ብሎ ፈንቴ ስቆብኛል፤ ስፌቴ እንዲያ ጠማማ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ፈንቴ ገበያ መሀል የጣሊያኑን ሹም የሚነካ ግጥም አወረደና ማሲንቆውን ጥሎ አመለጠ። ማንነቱን የተናገረ ሰው አልነበረም። ወታደሮቹ ያገኙትን ባለ አውታር ሁሉ ለቃቅመው ምሽጉ ግቢ ከመሩና አጎቴን አስጠሩት። እኔም ተከተልሁ። መንገድ ላይ የባቄላ እሸት እየፈለፈለ ያጎርሰኝ ነበር።

«አያ ደስታ፣ የየባለቤቱን ስም ይናገሩ ተብለዋል፤ በተለይ የዚያችን» አለ አስተርጓሚው፣ የኛው አገር ሰው፣ የፈንቴን ማሲንቆ እያመለከተ።

«ስም አላውቅም፤ አሠራራቸውን ግን ልንገርዎ» አለና አጎቴ ይደረድር ጀመር። «በአንድ አንገት የቆመ፣ አንገቱ ሆዱን በስቶ ያለፈ፣ ማሲንቆ ነው፤ ወዲህ። ሁለት ቋሚ አውጥቶ ቀንበር የተጫነበት፣ ወዲያ። ከባለ ቀንበሮቹም ገበቴው ክብ የሆነው ክራር ነው፤ አራት ማዕዘኑ፣ ረጅሙ፣ በገና ነው። በገናማ የጸሎት ነው፣ እሱ ምን በደለ?»

«ስም ነው የተጠየቁት እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም!» አለ አስተርጓሚው ሳቁን እየዋጠ።

እኔም ደስ ብሎኝ አብሬው እመድባለሁ። ያቺ ማሲንቆ እጄ ስትገባ ግን ጠማማ ስፌቷን አይቼ ራሴን ረሳሁ።

«ይቺማ ባለ አንገት ናት፤ የሰፋኋትም እኔ ነኝ!»

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ «ለማን ሰፋሻት፣ እታለም?» አለኝ። አጎቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«የኔ ናት» አለ። «ልሸጣት ይዣት ወጥቼ ገበያ መሀል ሰረቁኝ።»

ሹሙ አላመነውም። እስከ ገና አሰረው። ፈንቴ በዚያ መካከል ዓባይን ተሻግሮ ሄደ።

በየሁለት ቀኑ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ እወስድለት ነበር። መጀመሪያ ቀን አልቅሼ ቀና ብዬ ማየት ቢያቅተኝ፣ በአጥሩ ሽንቁር ጣቱን አውጥቶ ጉንጬን ነካ አደረገና «ምደባውን እኮ አልሳትሽም» አለኝ።

እኔ ዛሬ እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ በእጅጉ አልፌያለሁ፤ ይቅርታ ሳልጠይቀው መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። እሱም ጉዳዩን ዳግም አላነሳውም። ከእስር ወጥቶ ሥራ ሲጀምር ስፌቴን ያርመኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላረመኝም። ከዚያ ወዲያ የሠራውን ማሲንቆ ሁሉ እንደኔ አጣሞ ሰፋው።