ሦስት ጣት

ባለፈው ሳምንት የመጻሕፍቴን አቧራ ሳራግፍ ከአሮጌው መዝገበ ቃላት ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ወደቀች። ምን እንደሆነች ከማየቴ በፊት ሽታዋ ደረሰኝ። የግራሶና የቤንዚን ሽታ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት በወረቀት መካከል ታፍኖ የቆየ። የሞተር ብስክሌት መመሪያ ናት። አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለባት። አሻራው የእኔ አይደለም። መጥረጊያውን ጥዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

መመሪያዋ እጄ የገባች ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴን ሳስታምም አድጌ፣ ትምህርት የጀመርኩት እሷን ቀብረን ወንድሜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጋር ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ስለዚህ የተማርኳትን ሁሉ እንደ አደራ ዕቃ ነበር አጥብቄ የምይዛት። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ፊደል ተሳስቶ ካየሁ ባለሱቁን ሳልነግር አላልፍም። እንዴት እንደማሰለች አሁን ይገባኛል።

ወንድሜ የከብት ሐኪም ነበር። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ጀርባ ወዳሉት መንደሮች የክትባት ሳጥን ተሸክሞ በእግሩ ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ መንገድ ላይ ከቀለጠ ክትባቱ ውኃ ነው፤ ገበሬዎቹም ላሞቻቸውን ሰብስበው በከንቱ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሞተር ልግዛ ብሎ ተነሣ።

የሞተሩ ምርጫ የተካሄደው ከከተማው አሮጌ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በሚሠሩበት የቆርቆሮ ዳስ ነበር። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ጎራ ሳይል ቤት አይገባም። አባታችንን በልጅነቱ ያጣ ነው፤ የእሳቸው ልጆች ደግሞ ሳዑዲ ናቸው። ለአረፋ እሱ እሳቸው ቤት ይበላል፣ ለፋሲካ ደግሞ እሳቸው ስኳርና ቴምር ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ። የሚነጋገሩት ግን በስድብ ነበር።

ሁለት ሞተር ቀርቧል። አንደኛው ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ፀሐዩ ላይ የሚያብረቀርቅ፤ ሁለተኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጫጫረ፣ የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ርቆ ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ጎማው ጥርስ በጥርስ የሆነ። የወንድሜ ዓይን ከቀዩ አልነቀል አለ።

«አቦ፣ ያ ለፈረስ መጋላ አስፋልት ነው» አሉት መካኒኩ። «ቆንጆ ጭነህ ሁለቴ ትዞርበታለህ። ሐኪም ጋራ ስትወጣ ግን ሆዱን ድንጋይ ይበላዋል።»

«ረጅሙ ላይ እኮ እግሬ መሬት አይደርስም፣ ጋሼ!»

«አንተ አጥረህ ነው እንጂ እሱ መች ረዘመ!»

ዳሱ ጥግ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እስክታስል ሳቀች። ረጅሙ ተገዛ። መመሪያዋም አብራው መጣች፤ እንግሊዝኛ ስለሆነች ለእኔ ተሰጠች።

ሞተሩን ለድንጋይ መንገድ ማዘጋጀት ሦስት ቀን ፈጀ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እሄድና የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ መዝገበ ቃላቱን ዘርግቼ፣ እሳቸው የሚነኩትን ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራለሁ። መሪውን ቆሞ ለሚነዳ ሰው እንዲመች ወደ ላይ መለሱት። ከሞተሩ ሆድ ሥር ወፍራም ላሜራ አሰሩለት። ከጎማው ንፋስ ቀነሱ። «ጎማው ድንጋዩን ይጨብጠው፤ አይዝለለው» አሉኝ ዓይኔ ሲከተላቸው። ሁሉም ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ። ልክ በሆኑ ቁጥር፣ ምን ልበላችሁ፣ ቅር ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ላይ ደረሱ። ሦስት ጣታቸውን አጣምረው ከካቴናው ሥር አስገቡ፤ ጣታቸው እንደልቡ ገባ።

«ይኸው። ሦስት ጣት ይግባበት» አሉ።

ካቴናው ረግቦ ተንጠልጥሏል። ለዓይኔ ዝርክርክ ነገር ነበር። ገጽ አሥራ ሦስት ላይ የካቴና ሥዕል አለ፤ በጎኑ ቁጥር።

«መጽሐፉ ልልነቱ ሁለት ሳንቲም ሜትር ነው የሚለው» አልኩ።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ሁለት ሳንቲም። የእርስዎ ጣት አምስት ይሆናል።»

ቁልፋቸውን አስቀመጡና በትዕግሥት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው፣ አስረዱኝ። «አሁን ባዶውን ቆሞ ስታዪው ላልቷል። ሰው ሲቀመጥበት፣ ጉድጓድ ሲገባ ግን ሞላው ይወርዳል፤ ካቴናው ያኔ ራሱን ይወጥራል። አሁን ወጥረን ከጨረስነው ያኔ ምን ይሰጣል?»

ያሉት ገብቶኛል። ይህን መካድ አልችልም፤ ገብቶኛል። ግን ሻይ ሻጯም ወንድሜም እያዩኝ ነበር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረች ሴት ሆኜ የተቀመጥኩበት ቦታ ነበር። እንዲህ አልኳቸው፦

«እርስዎ ማንበብ ይችላሉ?»

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ግን ግራሶ በአንድ ጊዜ አይለቅም። መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አውራ ጣታቸውን ከሥዕሉ ሥር አሳርፈው ገጹን ረጅም ጊዜ አዩት። የሚያነብ ሰው ዓይን መስመር ይከተላል፤ የእሳቸው ዓይን አንድ ቦታ ቆሞ ነበር።

«ይሄ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«እሰይ! ተማሪዋ ሽማግሌውን በዝረራ ጣለቻቸው!» አለች ሻይ ሻጯ።

ወንድሜ በኩራት ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «እህቴ ናት እኮ! በቃ ጋሼ፣ እሷ እንዳለችው ይጥበቅ።»

«ወላሂ ልቤ አልወደደውም» አሉ መካኒኩ። ቀና ብለው ወንድሜን አዩት። «ካልክ እንግዲህ።» አጠበቁት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ የማላውቃቸውን ቃላት ከመመሪያዋ ወደ ደብተሬ እገለብጣለሁ። ቅጠሉን ገለጥኩ። ገጽ አሥራ አራት ላይ ሌላ የካቴና ሥዕል፣ ሌላ ቁጥር። ርዕሱን ቃል በቃል ፈታሁት። መመሪያዋ የተጻፈችው ለሁለት ዓይነት ሞተር ነበር። ሁለት ሳንቲሙ የአስፋልቱ ነው። የእኛ፣ የረጅሙ፣ አምስት ሳንቲም። ሦስት ጣት።

ወንድሜ ደጅ ነበር። የበረዶውን ሳጥን ከኮርቻው ኋላ ሲያስር የገመዱ ጩኸት ይሰማኛል፤ ያፏጫል። ደጁ ከአልጋዬ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ብነግረው ወደ ሸዋ በር ይመለሳል፤ ሻይ ሻጯ ትስቃለች፤ እኔም የጠየቅኩትን ጥያቄ ይዤ ሽማግሌው ፊት እቆማለሁ። ሦስት ሳንቲም ምን ያመጣል፣ ሲመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። መጽሐፏን ዘጋኋት። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ ቁልቁል ሄዶ ከገበያው ጫጫታ ጋር ተቀላቀለ።

ካቴናው የተበጠሰው ከሐኪም ጋራ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ያዘው፤ ወንድሜ ከነሞተሩ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ቀኝ ጉልበቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠፈም።

መካኒኩ እንደሰሙ መጡ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እሷ ሁለት ሳንቲም ነው ያለችው» አለ። «እርስዎ በእልህ ከሚገባው በላይ ወጠሩት። በእኔ ላይ፣ ጋሼ?»

መጽሐፍ ይሳሳታል፣ እህቴም ታሳስተኛለች ብሎ አላሰበም። እኔ ውኃ በብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው አዩኝ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ እኔ ግን ዓይኔን ወደ ውኃው አወረድኩ።

«ያጠበቀው የኔ እጅ ነው» አሉ ወደ እሱ ዞረው። «አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

ወንድሜ ይቅር አላላቸውም። ለአረፋ የላኩትን ሳህን ክዳኑን ሳይከፍት መልሺ አለኝ። ተሸክሜ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ሳህኑን ሲቀበሉኝ «ትምህርትሽስ?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኩ። «አንብቢ። አብሽሪ፣ ይቀዘቅዝለታል» አሉኝ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ታየኝ ነበር። ሳልናገር ተመለስኩ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ዳሱን ላለማየት ሲል በሸዋ በር መውጣት ተወ። በዚያ እግሩ በሌላኛው የግንቡ በር፣ በቡዳ በር፣ ዞሮ ነው ገበያ የሚሄደው። በመስኮት እያየሁት ኖርኩ፤ ተመረቅኩ። ዛሬ የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። አንዲት ነጥብ አታመልጣትም ይሉኛል።

መካኒኩ ባለፈው ረመዳን ሞቱ።

መጽሐፏን ባገኘሁ ማግሥት ወንድሜ ጋ ይዣት ሄድኩ። ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ገጽ አሥራ ሦስትን አሳየሁት፤ ቅጠሉን ገልጬ አሥራ አራትን አሳየሁት። ያን ጠዋት ሳጥኑን ሲያስር እኔ የት እንደነበርኩ፣ በእጄ ምን እንደያዝኩ ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮኽብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከመስጊዱ የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ፊቱን ወደዚያ አዞረ።

«ቀብራቸው እኮ አልሄድኩም» አለ።

ቅጠሉን ወደ አሻራው መለሰው። ሦስት ጣቱን አጣምሮ አየው፤ ከዚያ በቀስታ አሻራው አጠገብ አሳረፈው። ስነሣ መጽሐፏን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

«ተያት» አለኝ።