ሸዋነሽ ኮርቻ ላይ ስትወጣ

ባሏ የሞተ ጊዜ ሸዋነሽን «ጋሪውንም ፈረሱንም ሽጪና ተገላገዪ» ያላት ብዙ ነበር። አልሸጠችም። ልጓሙን ራሷ ይዛ በዲላ መንገዶች ሰውና ጆንያ እያመላለሰች ሁለት ልጆቿን አሳደገች። በኋላ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ባለጋሪዎች አንድ በአንድ ሥራ ቀየሩ። እሷም ደጃፏ ላይ አትክልት መሸጥ ጀመረች። ዳማ የሚባለውን ቀይ ፈረሷን ግን ከጓሮ አላስወጣችም፤ ጠዋት ጠዋት ጋማውን ሳታበጥርለትና ሳታዋራው ሥራ አትጀምርም።

ዘንድሮ ልጇ ትንቢት ካዛክስታን ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ሆነ። ወንድሟ አማኑ አገዛትና ለእናታቸው የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጡላት። ትንቢት ደውላ «ለምረቃዬ ትመጫለሽ» ስትላት ሸዋነሽ እልል አለች። እልልታዋ ሳያልቅም ጠየቀች።

«እዚያ ፈረስ አለ አይደል?»

«እማ፣ ሜዳው ሁሉ ፈረስ ነው! የጓደኛዬ ቤተሰቦች ገጠር ናቸው፣ እንወስድሻለን። አያቷ በዚያ ዕድሜያቸው ይጋልባሉ። እናቴ ባለፈረስ ናት ስላቸው 'አብረን እንጋልባለን' ብለው እየጠበቁሽ ነው።»

ሸዋነሽ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሳቋ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ከፈረስ ኋላ ተቀመጠች እንጂ አንድም ቀን ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም።

የባሏ ዘመድ ጋሽ ደበበ ደጋው ቡሌ ውስጥ ገብስ ያርሳሉ፣ ፈረስም ያረባሉ። እስክትመለስ ዳማን ሊጠብቁላት ተስማምተዋል። ለገበያ ወደ ዲላ ሲወርዱ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ጋሽ ደበበ፣ መጋለብ ያስተምሩኝ።»

«አንቺን? አሣን ዋና አስተምር ትይኛለሽ?»

«ይህች አሣ ውኃ ነክቷት አያውቅም።»

ሽማግሌው እየሳቁ የራሳቸውን ኮርቻ አመጡላት። ሸዋነሽ ከቀሚሷ ሥር የአማኑን ሱሪ ታጥቃ ከከተማው ጫፍ ወዳለው የኳስ ሜዳ ወጣች። ዳማ ጀርባው ላይ ስትወጣበት አንገቱን አዙሮ አያት፤ ከዚያ እሺ ብሎ መራመድ ጀመረ። ሶምሶማ ሲጀምር አንዲት የምታውቃት ሴት ከመንገድ ዳር «ሸዋነሽ!» ብላ እጇን አነሳች። ዳማ ዛሬም የጋሪ ፈረስ ነውና ተሳፋሪ የጠራው መሰለው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሸዋነሽ በአንገቱ ላይ ተንሸራታ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች።

ጋሽ ደበበ ደንግጠው ሮጡ። ሲደርሱ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነበር። «ይኸውልዎ» አለች፣ «እሱ ሥራውን አልረሳም!»

በየሳምንቱ ተለማመደች። በሰኔ መግቢያ ዳማን ወደ ቡሌ የምታደርስበት ቀን ሲመጣ ጋሽ ደበበ «በእግር እየሳብን እንውሰደው» ቢሏት እምቢ አለች። እሳቸው በራሳቸው ፈረስ ፊት ፊት፣ እሷ በዳማ ተከትላ፣ በእንሰቱና በቡናው መሃል ዳገቱን ተያያዙት። መንገደኛው እሷን ሲያይ ይገረማል፣ ሰላም ለማለትም እጁን ያነሳል፤ ዳማም ይቆማል።

«ኧረ እባካችሁ እጃችሁን አታንሱ!» እያለች ትለምናለች። «በአፋችሁ ሰላም በሉኝ!»

ደጋው ላይ ሲደርሱ ሰው ቀነሰ፤ ሰፊ የግጦሽ መስክ ተዘረጋ። ዳማ አየሩ ቢቀዘቅዝለት ጆሮውን አቆመ። ሳትነካው ፍጥነት ጨመረ፤ ሶምሶማው ወደ ግልቢያ ተለወጠ። ሸዋነሽ መጀመሪያ ጋማውን ጨበጠች። ቀጥሎ ፍርሃቷ ለቀቃትና ነጠላዋ ከኋላዋ እየተውለበለበ «ሂድልኝ የኔ ጌታ!» እያለች ጮኸች። ጋሽ ደበበ ወደ ኋላ ቀርተው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው።

ዳማን ከሌሎቹ ፈረሶች ጋር ስትለቀው ዞር ብሎም አላያት፣ ሳሩን መጋጥ ጀመረ። ትንሽ ቅር አላት። መልሳ ግን «ደህና፣ አልናፍቀውም ማለት ነው» አለችና ግንባሩን ስማው በሚኒባስ ወደ ዲላ ወረደች። ጭኗ ደርቆ መቀመጥ አቅቷታል፤ ፊቷ ግን በርቷል።

ሻንጣዋን ስታሰናዳ ጎረቤቷ አሰገደች ልታግዛት መጣች። «እዚያ አገር የፈረስ ወተት ይጠጣሉ አሉ» አለች ፊቷን አጨማዳ። «ቢሰጡሽ ምን ልትይ ነው?»

ሸዋነሽ ሹራቧን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

«ከሄድኩ አይቀር፣ እቀምሰዋለሁ!»