የተቃናው አፍ

የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ እሱም ጣሪያ ሳይደርስ ደክሞት ቀርቷል። እኔ ከወዲህ የፖስተር ንድፍ አስተምራለሁ፣ እሷ ከወዲያ የአንደኛ ዓመት ስዕል። "ልጄ፣ መስመርህ የት ገባ? በላኸው እንዴ?" ስትል የእኔ ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው ይስቃሉ። የስዕል ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም "መስመር" ነው የሚላት። እሷም ታውቃለች፤ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ዕድሜዋን እዚያ ክፍል ፈጅታዋለች። ድሮ ተማሪው ጥቂት ነበር፤ አሁን የስዕል ማቆሚያ አጥተው ሰሌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚስሉም አሉ። መስኮቱ አይከፈትም፣ የሚስሉበት ከሰል ብናኝ ጉሮሮ ይዘጋል። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ግን "አንዴ ከተቀመጥኩ አልነሳም" ብላ አትቀመጥም። ከትምህርት በኋላ ስብሰባ፣ ከስብሰባ በኋላ ውጤት መሙላት። ቤቷ ውስጥ የጀመረችው የራሷ ትልቅ ሸራ አለ፤ እህቷ እርጥብ ልብስ ታሰጣበታለች። "እኔ እኮ ሰዓሊ ነበርኩ" ትለኛለች አንዳንዴ፣ እጇን እየታጠበች። ይቺ "ነበርኩ" የምትላት ነገር ታናድደኛለች። ማን ከለከለሽ? እላታለሁ። "ደከመኝ፣ ወንድሜ" ትለኛለች። እኔም ደክሞኛል።

አንድ ሕግ ግን ነበራት፤ የተማሪ ስዕል ላይ እጇን አታሳርፍም። ስህተት ካየች ከሥር ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ትደርብበትና እዚያ ላይ ታርማለች። ከዚያ ወረቀቱን ታነሳዋለች፤ ተማሪው የራሱንም የእሷንም አይቶ ይምረጥ ነው ነገሩ። "ስዕሉ የሰው ነው፣ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ?" ትላለች። አንዳንዱ አስተማሪ እኮ "ላሳይህ" ብሎ ይጀምርና ሲጨርስ ስዕሉ የራሱ ሆኖ ቁጭ ይላል። እሷ እንዲህ ያለውን ሰው አትወድም ነበር።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዓመቱ ሲያልቅ የአንድ ሰው ፊት ስሎ ለገምጋሚዎች ማቅረብ አለበት። ከፎቶ መገልበጥ ክልክል ነው፤ ሰውየውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው የሚሳለው። ያንን ያላቀረበ ሁለተኛ ዓመት አይገባም። ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት ዝም ያለች ልጅ ነበረች። ድምፅ ስለማይሰማባት ጓደኞቿ "ላይብረሪ" ይሏታል። እሷ አባቷን ስላ መጣች።

ያን ሰሞን ስሱ ወረቀት አለቀ። መስመር ንብረት ክፍል ብትመላለስ "ተጠይቋል፣ ጠብቂ" አሏት። እስከ መቼ? እሱን እነሱም አያውቁትም። ግምገማው ደግሞ ደርሷል፤ ተማሪው "ቲቸር የእኔን እዪልኝ፣ ቲቸር የእኔን" እያለ ወጥሮ ይዟታል። እኔ ቀለም ልበደር ገብቼ ቆሜያለሁ። እግሯን እየጎተተች ስትዞር ስትዞር ላይብረሪ ጋ ደረሰች።

"ዓይኑን ግሩም አድርገሽዋል" አለቻት። "አፉ ግን ወደ አንድ ወገን ወርዶብሻል። ጉንጩም ተከትሎት ሄዷል። ስትስዪ ደክሞሽ ነው አይደል?"

ልጅቷ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መስመር ወረቀት ፍለጋ ዙሪያዋን አየች፤ የለም። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ጨርቅ አንስታ አፉን ጠረገችውና ጭረት ጭረት አድርጋ አቃናችው። እጇ ደግሞ ጉድ ነው! ሰውየው ባንዴ ደልደል ያለ፣ ፈገግ ሊል ምንም ያልቀረው ጎልማሳ ሆነ። ተማሪዎቹ ከበው "አቤት እጅ!" አሉ፤ ያጨበጨቡም ነበሩ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በኋላ ልጅቷን መታጠቢያው ጋ አገኘኋት። ቧንቧውን ከፍታዋለች፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል፣ እሷ ታለቅሳለች።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

"የአባቴ አፍ እንደሳልኩት ነው" አለችኝ።

አባቷን ስትሮክ መትቶት የፊቱ አንድ ወገን እንደወረደ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሰው አያገኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ ከሳሎን መስታወቱን አስነስቷል። ስንት ለምናው ነው አንዴ የተቀመጠላት፣ ያውም "ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ" ብሎ።

"ታዲያ ለምን አትነግሪያትም!" ብዬ ጮህኩባት። ምን ላድርግ፣ ተናደድኩ።

"ቲቸርን? እንዴት ብዬ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኛ አስተማሪዎቹ ነን እንዲህ ያደረግናቸው።

ሄጄ ለመስመር ነገርኳት። ያቺ አልቀመጥም የምትል ሴትዮ ከሰሉ የተበተነበት ወለል ላይ ዘጭ አለች። "ወይኔ ጉዴ! የሰው ፊት አጠፋሁ!"

"ገምጋሚዎቹን እናናግርና ያሳልፏት" አልኳት።

"ምን አይተው? የእኔን እጅ?" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

በማግስቱ ስዕሉን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ልጅቷ "አይወጣም፣ በከንቱ ነው የምትደክሙት" እያለች ነው ያደረሰችን። ደረጃው አያልቅም። መስመር ግድግዳውን እየተደገፈች ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ቤት ስንደርስ አባትየው ድምፃችንን ሰምቶ ጓዳ ገብቷል፤ በሩን ገርበብ አድርጎታል። መስመር ስዕሉን በበሩ ክፍተት አሳለፈችለት።

"ይሄ ጥሩ ነው" አለ ከውስጥ። ቃሉ ይጎተታል። "ይሄ እኔ ነኝ። ልጄ እንዲህ ካየችኝ ተመስገን ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ በልቤ፣ በቃ ተውነው፣ ሰውየው ደስ ብሎታል፣ ምን አስጨነቀን አልኩ። ወደ ደረጃው ዞሬም ነበር።

"አይ ጋሼ" አለች መስመር። "አፉን እሷ አይደለችም የሳለችው፤ እኔ ነኝ።"

"እሷ እንዴት አድርጋው ነበር?"

"ልክ እንደሆኑት አድርጋ።"

"ጠማማውን?"

"አዎ።"

"አፍራብኝ ነው?" አለ።

"ምን ማለትዎ ነው? ብታፍርብዎ ኖሮ እሷው ታቃናው ነበር እኮ" አለች መስመር። "አንዲት ነገር አልቀነሰችም፣ አንዲት ነገር አልደበቀችም። ያቃናሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የማላውቅዎ።"

የልጅቷ እንባ ይወርዳል። ከጓዳ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። በሩ ተከፈተና ሰውየው ወንበሩን በደህና እጁ እየሳበ ወጣ። እኛን ቀና ብሎ አላየንም። ወንበሩን መስኮቱ ጋ አስጠግቶ ተቀመጠ፣ የወረደውን ወገን ወደ ብርሃኑ አዞረው።

"ነይ" አላት ልጁን። "አሁን ደግሞ ማንም እንዳይነካብሽ።"