በስፌቱ ውስጥ የቀረ ጨርቅ

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሜትር» ነበር የሚለው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ስለማያውቅ ነው። ምሳ ሲበላ አንገቱ ላይ ነው። ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤታችን ሲመጣም አንገቱ ላይ ነው። እናቴ «ኧረ ለፎቶ እንኳ አውርደው» ብላ የተጣላችበት የቤተሰብ ፎቶ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሜትሩም አብሮ አለ። እኔማ ልጅ ሳለሁ አባት የሚባል ሰው ሁሉ ሜትር ይዞ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ናት። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አንድ ጥጉ በካውያ ተቃጥሎ የጠቆረውን የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። መስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ የአባዬ፣ ሌላው በፊት የእናቴ፣ ኋላ የእኔ። ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ይቀመጣል፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ የቀን እንቅልፋችንን ተኝተን ያደግነው እሱ ላይ ነው። እናቴ ታማ አልጋ የያዘች ጊዜ አባዬ መኪናውን ተሸክሞ መኝታ ቤት አስገባው። «ድምፁ አይረብሽሽም?» ሲላት፣ «ዝም ሲል ነው የምደነግጠው» አለችው። እስክትድን ድረስ እግርጌዋ ተቀምጦ ሰፋ። እኔ ትምህርት ቤት ወድቄ እጄን የተሰበርኩ ቀን ደግሞ ጨርቄን ማቄን ሳይል ሱቁን ክፍቱን ጥሎ ሮጠ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ጥሎ ሲሮጥ እንግዲህ አስቡት።

አንድ አመል ነበረው። ልብስ ሲቆርጥ ከልኩ በላይ ጨርቅ ይተውና ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል። እሱንም ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ነው የሚይዘው፤ «ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር» ይላል። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ይስቁበት ነበር። «ልብስ የሚለብሰው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንዳለ አይቀርም» ይላቸዋል።

ለደንበኛ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን መከራ ነበር። የዩኒፎርም ጉርዴን በየዓመቱ ጫፉን እየፈታ ያስረዝመዋል፤ የድሮው እጥፋት መስመር ደግሞ ቢታጠብም ቢተኮስም አይለቅም። «የአንቺ ጉርድ ደረጃ አለው፣ እንውጣበት?» እያሉ ልጆቹ መድረሻ አሳጡኝ። እያለቀስኩ ስመጣ አባዬ ጉርዱን አገላብጦ አየና፣ «እነሱ አዲስ ጉርድ አላቸው፤ አንቺ ያደግሽበት አለሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ምንም አልተጽናናሁም።

ወንድሜ ተምሮ ቢሮ ገባ። እኔም ተምሬያለሁ፤ ልቤ ግን እዚያው ሱቅ ቀረ። ደስ የሚለኝ መቁረጥ ነበር። አባዬ መቀሱን ለማንም አይሰጥም፤ እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እናቴ ቁልፍ ትተክላለች። እንዲህ ሆነን ስንኖር የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከሥሩ ካለው ሳህን ጋር ይንቀጫቀጫል። ሁላችንም እንሰማለን፣ ሁላችንም እንዳልሰማን እንሆናለን።

በመጨረሻ የተናገረው ወንድሜ ነው። ክፋት የለበትም፤ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። «አባዬ፣ ደክመሃል። ሱቁን እንዝጋውና እረፍ» አለው።

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ? እናታችሁን ልለካ?»

«እኔን ተወኝ» አለች እናቴ፣ «የእኔን ልክ በቃልህ ታውቀዋለህ።»

ሳቅን፤ ነገሩ ግን በሳቅ አላለፈም። አባዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «የሰው ጨርቅ ያበላሸሁ ቀን እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳያነሳብኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስ ባነሳ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ከሥራው የተለየ ቀን አባቴ ቁጭ ብሎ እንደሚያልቅ አውቅ ነበር።

የፈራሁት በሙሽራ ኮት መጣ። ሙሽራው የድሮ ደንበኛችን ልጅ ነው። አባትየው ዕድሜ ልኩን ጆንያ የተሸከመ ሰው ስለነበር ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ እስኪሞት ድረስ ልብሱን የሰፋለት አባዬ ነው። ልጁ በሠርጉ ዋዜማ የተሰፋለትን ኮት ሊለካ መጣና ሲለብሰው ግራ ትከሻው ላይ ጨርቁ ወደ ታች ጨምድዶ ያዘው፤ አንገቱ ሥርም ተሸበሸበ። አባዬ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳበሰውና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ የአባትህ ትከሻ ነው» አለው። «አንተን ለክቼ እሱን ቆረጥኩ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንገቱን ባዶ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። «በቃ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለኝ፤ «ለወንድምሽ ንገሪው።»

እኔ ሳዝን የምናደድ ሰው ነኝ። «ማን ተበላሸ አለ?» ብዬ ኮቱን ከልጁ ላይ ገፈፍኩና ገበሩን ገልብጬ ትከሻው ላይ ያለውን እጥፋት ለአባዬ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። «ይሄ ምንድነው?»

«ትርፍ ጨርቅ።»

«ለምን ተውከው?»

እጥፋቱን በጣቱ ዳበሰ።

«ሰው እንዳለ አይቀርም ብለህ አይደል? ልብስ ሰፊስ ሰው አይደለም?»

ምላጭ አንስቼ ልፈታ ስል ሙሽራው እጄን ያዘኝ። «ከመፍታትሽ በፊት አንዴ ልልበሰው» አለ። ለበሰና መስታወቱ ፊት ቆሞ ግራ ትከሻውን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ። ኮቱ ልክክ አለለት። ራሱን እያየ ትንሽ ቆየና አውልቆ ሰጠኝ።

ፈታሁት። አባዬ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። ኋላ አላስችል አለው፤ «እንደሱ አይደለም፣ ካውያውን አምጪ» ብሎ ተነሳ። እሱ ተኮሰ፣ እኔ አዲሱን መስመር በጠመኔ አሰመርኩ፣ እሱ መኪናው ላይ ተቀመጠ። መኪናው ላይ ሲሆን ጨርቁ ስለሚደግፈው እጁ ያን ያህል አያስቸግረውም። ሙሽራው ኮቱን ይዞ ሲሄድ ትከሻው የራሱ ነበር።

አባዬ ሜትሩን ከጠረጴዛው አነሳ። መልሶ ያጠልቀዋል ስል እኔ አንገት ላይ አደረገው። «ከዛሬ ጀምሮ ለኪም ቁረጪም። እኔ እሰፋለሁ» አለ። ወንድሜ ማታ ነገሩን ሲሰማ፣ «ታዲያ ተበላሸ ወይስ አልተበላሸም?» ብሎ ቢጠይቅ እናቴ «ብላ፣ እንጀራህ ቀዘቀዘ» አለችው። ሱቁን መዝጋት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

አባዬ እስከ መጨረሻው ከጎኔ ሰፋ። መቀስ መልሶ የያዘው አንዴ ብቻ ነው፤ የእኔን ካፖርት ለመቁረጥ። ያኔ እኔ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቼ፣ ባል የሚባል ነገር ላላገባ ምዬ ተገዝቼ ነበር። «እሺ ልጄ» አለኝ፤ «አሁን ሂጂና ሻይ ጠጪ።» ከሻይ ስመለስ ቆርጦ ጨርሷል። ሲያልቅ ለበስኩትና «ጎንና ጎኑ ከበደኝ» ብዬ አጉረመረምኩ። «ይሞቅሻል» አለ።

ካረፈ በኋላ አገባሁ፤ ያንኑ የተጣላሁትን ሰውዬ። ዘንድሮ ሆዴ ገፍቶ ካፖርቱ አልቆለፍ ሲለኝ ገበሩን በምላጭ ከፈትኩት። በግራም በቀኝም ጨርቁ እጥፍጥፍ ብሎ ተቀምጧል። የተያዘው በእጅ ነው፤ ሰፋ ሰፋ ያለ ስፌት፣ መስመሩም እዚህም እዚያም የሚሄድ። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው የሰፋው። ክሩን ሳብ ሳደርገው ሳያስቸግረኝ ወጣ። «እሺ ልጄ» ያለኝ ሰውዬ ለካ አንዲት ቃሌን አላመነም ነበር። ጨርቁን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ አመሰግንሃለሁ አባዬ እያልኩ።

አስተካክዬ ሰፍቼ ስለብሰው ተቆለፈ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎኑን ገለጠችና የቀረውን እጥፋት በጣቷ ያዘችው።

«ገና አለ» አለች፤ «ይሄ ለሁለተኛው ነው።»